ውሃ የሞላ ገንዳ ሳይበሳ ሳምፕ መጨመር (270 ሊትር፣ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር)

ሲኤምሲ_ዓሣ
ሰላም ለሁላችሁ። ገንዳዬ 120 × 45 × 50 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሞልቶ 270 ሊትር። ውስጡ ስድስት ትልልቅ ጎልድፊሽ አሉ። ሁለት የስፖንጅ ፊልተር ቆሻሻቸውን አልቻለውም። ከስሩ ካቢኔ ውስጥ 75 × 35 × 40 የሆነ አሮጌ ገንዳ አለ፤ እሱን ሳምፕ (ከስር ሆኖ ውሃውን የሚያጣራ ሁለተኛ ገንዳ) ላድርገው ብዬ ነው። ዋናውን ገንዳ መብሳት አይታሰብም፤ ውሃ ሞልቷል፣ መስታወቱም ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) ይሁን አይሁን አላውቅም።

ያሰብኩት ቀላል ነው፦ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ በሳይፈን (ውሃው ጠርዙን ተሻግሮ በራሱ ክብደት እንዲወርድ) ወደ ታች አወርድና ጫፉ ላይ ቫልቭ አደርጋለሁ። ፓምፑ የሚመልሰውንና ቱቦው የሚያወርደውን በቫልቩ አመጣጥናለሁ። ይሄዳል? ሰፈራችን መብራት ይጠፋል፤ አንዳንዴ በቀን ሁለቴ።

ውሃ_ልክ
አይሄድም። ተወው።

ቫልቩን ዛሬ አመጣጥነህ ትተኛለህ። ሌሊት አንድ ቅጠል ወይም የጎልድፊሽ ኩስ ቫልቩ ጋ ይደርስና ወራጁ በአሥር በመቶ ይቀንሳል። ፓምፑ ግን ያንኑ 1200 ሊትር በሰዓት መግፋቱን አይተውም። ልዩነቱ በሰዓት 120 ሊትር ነው፤ ወለሉ ላይ ታገኘዋለህ። በተቃራኒው መብራት ከጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ሳይፈኑ ግን መብራት አያውቅም፣ የቱቦው አፍ አየር እስኪስብ ድረስ ያወርዳል። 30 ሳንቲ ሜትር ጠልቆ ከገባ 30 ሳንቲ ሜትር ውሃ ይወርዳል፣ ማለትም 162 ሊትር። ሳምፕህ ደግሞ ባዶውን እንኳ 105 ሊትር ብቻ ነው የሚይዘው።

ሳይበሳ የሚሠራ ሲስተም ሁለት ፈተና ማለፍ አለበት፦ ፓምፑ በድንገት ሲቆም፣ እና ሳይፈኑ በድንገት ሲቆም። በሁለቱም ጊዜ ወለሉ ደረቅ ከሆነ ሲስተሙ ተሠርቷል ማለት ነው። ካልሆነ የተሻለ ፓምፕ ብትገዛም አያድንህም። ቫልቭ ሁለቱንም አያልፍም። የሚያልፈው ሁለት ክፍል ያለው የኦቨርፍሎው (ትርፍ ውሃ ማውረጃ) ሳጥን ነው፤ አንዱ ሳጥን ገንዳው ውስጥ፣ አንዱ ውጭ፣ በመሃል ጠርዙን የሚሻገር የዩ ቅርጽ ቱቦ።

ጎሚቶ_32
መስታወቱን ለማወቅ ያህል፦ የላፕቶፕ ስክሪን ነጭ አድርገህ ከመስታወቱ ጀርባ አቁም፣ ፖላራይዝድ የፀሐይ መነጽር ይዘህ ከፊት ለፊት እያዞርክ እይ። ስክሪኑ ሲጠቁር መስታወቱ ላይ ጉራማይሌ ጥላ ወይም መስመር ከታየህ ቴምፐርድ ነው፤ ትራፓኖ ሲነካው እንዳለ ይረግፋል። እኩል ከጠቆረ ተራ ነው። ግን አንተ መብሳት ስለማትፈልግ ይህ ለሳምፑ ይጠቅምህ፤ አንዳንድ ሰው ሳምፑን ሊበሳ ይነሳል።

ሳጥኑን የተመለከተው ነገር ውሃ_ልክ በቁጥር ይንገርህ፤ የቧንቧውን እኔ እመጣበታለሁ።

ውሃ_ልክ
እሺ፣ ሳጥኑ እንዴት እንደሚሠራ አንዴ ከገባህ ልኬቱን ራስህ ታወጣዋለህ።

የውስጠኛው ሳጥን ላይኛው ጠርዝ ጥርስ አለው፣ እንደ ማበጠሪያ። ገንዳው ውስጥ ያለው ውሃ ከጥርሱ ስር ከፍ ሲል ብቻ ወደ ሳጥኑ ይፈሳል። ሳይፈኑ የሚጠጣው ከሳጥኑ ነው እንጂ ከገንዳው አይደለም። ስለዚህ ምንም ነገር ቢፈጠር ገንዳው ከጥርሱ ስር ዝቅ አይልም። አንተ ያሰብከው የፕላስቲክ ቱቦ የጎደለው ይህ ነው።

የውጭው ሳጥን ደግሞ መውረጃው አፍ ከሳጥኑ ወለል ከፍ ብሎ የቆመ ነው። ፓምፑ ሲቆም ውሃው እስከዚያ አፍ ይወርድና ያቆማል። የዩ ቱቦው ሁለት እግሮች ከዚያ በታች ስለጠለቁ አየር አይገባባቸውም፤ ሳይፈኑ ሞልቶ ዝም ብሎ ይጠብቃል። መብራት ሲመጣ ውሃ ከጥርሱ በላይ ይሄዳል፣ የውስጠኛው ሳጥን ከፍ ይላል፣ ሳይፈኑ ራሱ ይነሳል። ማንም አይነካውም።

ልኬት፣ ሳጥኖቹ 20 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ካላቸው፣ ሁሉም ከሳጥኑ ወለል ሲለካ፦
የዩ ቱቦ እግሮች ጫፍ 2 ሳንቲ ሜትር ላይ፣
የውጭው መውረጃ አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ፣
የጥርሱ ስር 17 ሳንቲ ሜትር ላይ።
ሁለቱም ሳጥኖች ወለላቸው እኩል ከፍታ ላይ ይሁን፣ በውሃ ልክ አስተካክል። በጥርሱና በመውረጃው አፍ መካከል ያለው 7 ሳንቲ ሜትር ለጌጥ አይደለም፤ ውሃውን በቱቦው የሚገፋው ኃይል እሱ ነው። መውረጃውን «ድምፅ ይቀንሳል» ብሎ 15 ላይ የሚያቆመው ሰው ገንዳው ለምን እንደሚሞላበት አይገባውም። ዝቅ አድርጎ 3 ላይ የሚያቆመው ደግሞ መብራት በጠፋ ቁጥር ሳይፈኑን ያጣል፤ ትንሽ መትነን ብቻ ይበቃዋል።

ከላይ_አውርድ
ይቅርታ፣ ግን መብራት በቀን ሁለቴ የሚጠፋበት ቤት ሳይፈን ለምን? ፓምፑን ገንዳው ውስጥ አድርግ፣ ፊልተሩን ከላይ መደርደሪያ ላይ አስቀምጥ፣ ውሃው በራሱ ይመለስ። መብራት ሲጠፋ የላይኛው ሳጥን እስከ መውረጃው አፍ ይወርድና በቃ። ሳይፈን የለም፣ ጎርፍ የለም።

ውሃ_ልክ
ልክ ነህ፤ ከሁሉም የማያሰጋው እሱ ነው። ሁለት ነገር ግን ልጨምርበት። አንደኛ፣ የላይኛው ሳጥን ስፖንጁ ሲደፈን ውሃው ወደ ውጭ ይፈሳል፣ ፓምፑም ገንዳውን እየቀዳ ያፈሳል። ስለዚህ ከስፖንጁ በፊት፣ ከጠርዙ 3 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ በቀጥታ ወደ ገንዳው የሚወርድ ባዶ የአደጋ ቱቦ ግዴታ ነው። የፓምፑን መምጠጫ ደግሞ ከውሃው ወለል 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ አድርገው፤ የከፋው ቢመጣ ከ27 ሊትር በላይ አይሄድም። ሁለተኛ፣ 40 ሊትር ያለበት ሳጥን ከነመስታወቱ 50 ኪሎ ይጠጋል። በገንዳው ጠርዝ ላይ አይቀመጥም፣ የራሱ ብረት ይፈልጋል።

ለስድስት ጎልድፊሽ 40 ሊትር ፊልተር ጥሩ ነው። ጠያቂው ግን ካቢኔና 105 ሊትር አለው፤ በዚያ ላይ የላዩ ውሃ ቅባት የሚጠረገው በጥርሱ ነው። ምርጫው የእሱ ነው።

ሲኤምሲ_ዓሣ
ከላይ ቦታ የለኝም፣ መስኮት ነው። በሳጥኑ ልቀጥል። የዩ ቱቦው ስንት ሚሊ ይሁን? ለጥንቃቄ ወፍራም፣ 50 ላድርገው? ወይስ ሁለት ቱቦ?

ውሃ_ልክ
ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል፤ ሰፊ ቱቦ ይሻላል ይላል። ሳይፈን ላይ አይሠራም።

ከውሃው የሚወጣው አረፋ ቱቦው አናት ላይ ይሰበሰባል። አረፋ በቆመ ውሃ ውስጥ በሴኮንድ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ይወጣል። በወራጁ እግር ውስጥ ውሃው ከዚህ ፈጥኖ ካልወረደ አረፋውን ይዞት አይሄድም። አናቱ ላይ ይከማቻል፣ ቀስ በቀስ ቱቦውን ያጠባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሳይፈኑ ይበጠሳል።

በሰዓት 1200 ሊትር ብለን እናስላ፣ በሴኮንድ 333 ሚሊ ሊትር ነው፦
ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር የሆነ ቱቦ፦ ፍጥነት 68 ሳንቲ ሜትር በሴኮንድ። አረፋ አይቀርም፤ ግን በሁለቱ ሳጥኖች መካከል 8 ሳንቲ ሜትር ልዩነት ይጠይቃል፣ ከ7 ያልፋል።
ውስጡ 28፦ ፍጥነት 54፣ ልዩነት 5 ገደማ። ይህ ለአንተ ልክ ነው።
ውስጡ 32፦ ፍጥነት 41፣ ልዩነት 3። ይሄም ይሆናል።
ውስጡ 44 (የ50 ቧንቧ)፦ ፍጥነት 22። አረፋው ይቀራል። አይሆንም።

ሁለት ቱቦ በ25 ብታደርግ እያንዳንዱ 34 ይሆናል። 1200 ሊትር በትክክል እስከደረሰ ድረስ ይሠራል፣ አንዱ ቢደፈንም ሌላው አብዛኛውን ይይዛል። ፓምፑ ቆሽሾ ወደ 700 ሲወርድ ግን ፍጥነቱ 20 ይሆንና ሁለቱም አብረው አየር ይይዛሉ። «መጠባበቂያ» ያልከው ራሱ ችግር ሆነ ማለት ነው። አንድ ልኩን የጠበቀ ቱቦ፣ በየሳምንቱ አናቱን እያየህ።

ጎሚቶ_32
የቧንቧው ተራ ደረሰ።

28 ሚሊ ውስጥ ማለት የ32 ፒቪሲ ነው፣ ግፊት የሚችለው ቀጭን ግድግዳ ያለው። ተጠንቀቅ፣ ሱቅ ሄደህ «32 ስጠኝ» ስትል ፒፒአር ሊሰጡህ ይችላሉ። ፒፒአር የሚለካው በውጭው ነው፣ ግድግዳው ወፍራም ነው። የሙቅ ውሃው የ32 ፒፒአር ውስጡ 21 ሚሊ ብቻ ነው፤ የ40ው 26 ተኩል፣ የ50ው 33። በፒፒአር ከሠራህ 50 ነው የሚያስፈልግህ። ካሊፐር ከሌለህ ማስመሪያ ይዘህ አፉን ለካ።

ፒፒአር ግን አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፦ በሙቀት ስለሚበየድ መጋጠሚያው አየር አያስገባም። ይህ ነገር በሳይፈን ላይ ወሳኝ ነው። ከውሃው በላይ ያለው የቱቦ ክፍል ውስጡ ግፊቱ ከውጭው ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ጎሚቶው (የቧንቧው መታጠፊያ) ላይ ቀዳዳ ቢኖር ውሃ አይንጠባጠብም፣ አየር ይስባል። ወለሉ ደረቅ ነው፣ መጋጠሚያው ደህና ይመስላል፣ ሳይፈኑ ግን በየሁለት ቀኑ ይበጠሳል። ሰው ፓምፑን ይወቅሳል። ፒቪሲ ከሆነ ሁለቱንም ጎሚቶ በፒቪሲ ማጣበቂያ፣ ቧንቧውን በሸራ ወረቀት አሻክረህ፣ እስከ ጥጉ እየጠመዘዝክ ግባበት፣ ለ24 ሰዓት ተወው። ቴፍሎን ጠምጥሞ መግፋት ብቻ አይበቃም።

ሌላው የፒቪሲና የፒፒአር ጉድለት ውስጡ አይታይም። አናቱ ላይ ያለውን አረፋ ማየት ትፈልጋለህ። ወይ ግልጽ አክሪሊክ ዩ ቱቦ አግኝ፣ ወይ በሁለቱ ጎሚቶ መካከል ያለውን አግዳሚ ቁራጭ ግልጽ ቧንቧ አድርግ። ካላገኘህ በጥፍርህ አናቱን አንኳኳው፤ ውሃ የሞላ ቱቦና አየር የያዘ ቱቦ ድምፃቸው አንድ አይደለም።

ሲጀመር አፍ አትጠቀም። አናቱ ላይ 4 ሚሊ ቀዳዳ በስተህ የአየር ፓምፕ ቀጭን ቱቦ በሲሊኮን አስገባ፣ ጫፉ ላይ ትንሿን ቫልቭ አድርግ። ሁለቱንም ሳጥኖች ሙላ፣ በ60 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አየሩን ሳብ። የቱቦው ይዘት 400 ሚሊ ገደማ ስለሆነ ስምንት አሥር ጊዜ ትስባለህ። ቫልቩን ዝጋ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ
እዚህ አሜሪካ ሳጥኑ ተሠርቶ ይሸጣል፣ ዘመድ ሲመጣ በሻንጣ ይገባል። ቱቦውን ሁልጊዜ አየር እየሳበች የምታጸዳ ትንሽ ፓምፕም አለች፣ በሰዓት 13 ሊትር ገደማ የምትስብ፤ ቀጭኗን ቱቦ አናቱ ላይ ካለው ቀዳዳ ጋር ታገናኛታለህ። ጠቃሚ ናት፣ ግን ሰው እሷን ካገኘ በኋላ ቱቦውን ማየት ይተዋል። በጥቃቅን ቆሻሻ ትደፈናለች፤ ስትደፈን ምልክት አትሰጥም። መብራት ሲጠፋም አብራ ትቆማለች።

መላሽ ፓምፕ ግን ከዚህ አታስልኩ። የአሜሪካው 120 ቮልት 60 ሄርዝ ነው። በቀጥታ 220 ላይ ከሰካኸው ወዲያው ይቃጠላል። በትራንስፎርመር ብታወርደውም ሄርዙ 50 ይቀራል፤ የእነዚህ ፓምፖች ፍጥነት ከሄርዙ ጋር የታሰረ ስለሆነ በ83 በመቶ ፍጥነት ይዞራሉ፣ የሚያነሱት ከፍታ ደግሞ ወደ 69 በመቶ ይወርዳል። ካርቶኑ ላይ 2 ሜትር የሚለው 1.4 ሜትር ላይ ዜሮ ይሆናል። ማስመጣት የግድ ከሆነ የ24 ቮልት ዲሲ ፓምፕ፣ አዳፕተሩ ከ100 እስከ 240 የሚል ይሁን። እሱ በባትሪም ይሄዳል።

ሲኤምሲ_ዓሣ
ፓምፕ እዚሁ አይቻለሁ፤ «2000 ሊትር፣ 2 ሜትር» ይላል። ሳምፑ ውስጥ ካለው ውሃ እስከ ገንዳው አፍ 1.3 ሜትር ነው። ይበቃል?

ውሃ_ልክ
አይበቃም። 2000 ሊትር የሚለው በዜሮ ከፍታ ነው፤ 2 ሜትር የሚለው ደግሞ ጠብታ የማይወጣበት ነው። በመካከሉ በግምት እየቀነሰ ይሄዳል። 1.3 ሜትር ላይ 700 ሊትር ይሰጥህ ይሆናል፤ ከሁለት ጎሚቶ በኋላ ከዚያም ያንሳል። ለጎልድፊሽ ከገንዳው ይዘት 4 ወይም 5 እጥፍ በሰዓት እፈልጋለሁ፣ 1100 እስከ 1350። እስከ 3 ሜትር የሚያነሳ፣ 2500 ሊትር የሚል ፈልግ። ትርፍ ከሆነ በመላሹ መስመር ላይ ባለ ቫልቭ ትቀንሳለህ። መላሹ ላይ ቫልቭ ችግር የለውም፤ ወራጁ ላይ ግን በፍጹም።

ካርቶኑን አትመን፣ ለካው። መመለሻውን 10 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አስገብተህ ሰዓት ያዝ። በ30 ሴኮንድ ከሞላ 1200 ነው።

ሬድ_አሽ
ስለ ሳምፑ ውስጥ ማንም አላነሳም።

75ቱን ሳንቲ ሜትር እንዲህ ክፈለው፦ መጀመሪያ 15 ሳንቲ ሜትር ወራጁ የሚገባበት፣ የፊልተር ጨርቅ ወይም ስፖንጅ ያለበት። ቀጥሎ 32 የባክቴሪያ ቤት (የዓሣውን ቆሻሻ የሚያጣሩ ባክቴሪያዎች የሚኖሩበት)። ከዚያ ሦስት መከፋፈያ መስታወት በ3 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ከላይ፣ ከታች፣ ከላይ የሚያሳልፉ፣ አረፋ እንዳያልፍ። መጨረሻ 20 ሳንቲ ሜትር የፓምፕ ክፍል። መስታወቱ 5 ሚሊ ይበቃል፤ ሲሊኮኑ ሻጋታ ይከላከላል የማይል፣ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ዓይነት ይሁን፣ ለሦስት ቀን ይድረቅ።

ለባክቴሪያ ውድ ሴራሚክ አያስፈልግም። ግንበኞች የሚጠቀሙበት ሬድ አሽ፣ የቢሾፍቱና የሞጆው ቀይ ቀላል ድንጋይ፣ እሳተ ገሞራ የሠራው ስፖንጅ ነው። ከ2 እስከ 4 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ምረጥ፣ ደቃቁን ጣል። ውሃው እስኪጠራ ድረስ እጠብ፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ አሥር ባልዲም ሊሆን ይችላል። ከዚያ ጥቂት ፍሬ ላይ ኮምጣጤ አፍስስ። ከፈላ ኖራ ነክቶታል፣ አታስገባው። ከሲሚንቶ ክምር አጠገብ የተነሳ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ይፈላል። በመረብ ከረጢት አድርገው፣ 20 ሊትር ያህል። ቀዳዳዎቹ በጭቃ እንዳይሞሉ ከስፖንጁ በኋላ እንጂ በፊት አይሁን። የድሮዎቹን ስፖንጅ ፊልተሮች ለስድስት ሳምንት ገንዳው ውስጥ አቆያቸው፣ ባክቴሪያው ከዚያ ነው የሚመጣው።

አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ነች። የአየር ግፊቱ የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ስለሆነ በ25 ዲግሪ ውሃ ሊይዝ የሚችለው ኦክስጅን በሊትር 6 ሚሊ ግራም ገደማ ነው፤ ጠረፍ ላይ ከ8 በላይ ነው። ጎልድፊሽ ላይ ይህ ይታያል። ወራጁ ሳምፕ ውስጥ ሲወርድ የሚያገኘው አየር ስለዚህ ትልቅ ነገር ነው። ግን መብራት ሲጠፋ ሳምፑና ገንዳው ይለያያሉ፣ ዓሣው ያለው ከላይ ነው። በባትሪ የምትሠራ የአየር ፓምፕ ገንዳው ላይ አድርግ፤ ከመላሽ ፓምፑ በፊት ለእሷ ነው ባትሪ የሚገዛው።

ሲኤምሲ_ዓሣ
የፓምፑን ክፍል ሰፋ ባደርገውስ? ውሃ ሲተን ቶሎ ቶሎ እንዳልጨምር።

ውሃ_ልክ
ሁለተኛው ፈተና ያለው እዚህ ነው። ሳይፈኑ ቢበጠስ ፓምፑ አያውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ያለውን ሁሉ ወደ ላይ ይወስዳል። ስለዚህ የፓምፑ ክፍል ትንሽ መሆኑ ነው የሚያድንህ።

20 × 35 ሳንቲ ሜትር ከሆነ እያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 0.7 ሊትር ነው። ውሃው 18 ላይ፣ የፓምፑ አፍ 6 ላይ ቢሆን የሚሄደው 12 ሳንቲ ሜትር ነው፣ 8.4 ሊትር። ዋናው ገንዳ በአንድ ሳንቲ ሜትር 5.4 ሊትር ስለሚይዝ 1.6 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ይላል። ጥርሱን ከገንዳው ጠርዝ 4 ሳንቲ ሜትር ዝቅ አድርገህ ከሰቀልከው፣ ሲሠራ ውሃው ከጥርሱ ስር በ1.5 ከፍ ይላል፣ 2.5 ሳንቲ ሜትር ባዶ ይቀርሃል፣ 13.5 ሊትር። ታልፋለህ።

መከፋፈያውን ትተህ ሳምፑን በሙሉ አንድ ክፍል ብታደርገው ያው 12 ሳንቲ ሜትር 31.5 ሊትር ይሆናል። 18 ሊትሩ ምንጣፍ ላይ ነው።

አሁን የመጀመሪያው ፈተና፣ መብራት ሲጠፋ። ከገንዳው 1.5 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል፣ 8 ሊትር። ከቧንቧዎቹና ከውጭው ሳጥን 3 ሊትር ጨምር፣ 11። ሳምፑ ውስጥ መከፋፈያው 22 ላይ ከሆነ ይህ 26 አካባቢ ያደርሰዋል፤ ሳምፑ 40 ነው። ሰፊ ትርፍ አለህ።

ይህ ግን የመላሹ አፍ ላይ ይወሰናል። መመለሻው 10 ሳንቲ ሜትር ከጠለቀና ቀዳዳ ከሌለው ራሱ ሳይፈን ሆኖ ወደ ኋላ ይስባል፣ 54 ሊትር። ከውሃው ወለል 1 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ 5 ሚሊ ቀዳዳ ብሳ፣ ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ውሃው መሃል የሚተፋ። ቀዳዳው አልጌ ይይዘዋል፣ በየሳምንቱ በጥርስ እንጨት አጽዳው። ቼክ ቫልቭ (ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ) አድርጌበታለሁ ብለህ ቀዳዳውን አትተው፤ አንድ ቀንድ አውጣ ቼክ ቫልቭን ክፍት አድርጎ ይይዛል።

ጎሚቶ_32
ሳምፑ መስታወት ላይ ሁለት መስመር በማርከር አስምር። አንዱ ሲሠራ፣ አንዱ መብራት ሲጠፋ። ውሃ የሚጨመረው ፓምፑ እየሠራ እስከ መጀመሪያው መስመር ብቻ ነው። መብራት በሌለበት «ሞልቷል» ወይም «ጎድሏል» ብሎ የሚነካካ ሰው ነው ብዙውን ጊዜ የሚያጥለቀልቀው። ቤት ውስጥ ለሚያግዝህ ሁሉ ይህን ንገር።

ድምፅ_አልባ
ገና ሲበራ የሽንት ቤት ድምፅ ያሰማል፣ አትደንግጥ። የውጭው ሳጥን መውረጃ አየርና ውሃ እየቀላቀለ ስለሚጎርስ ነው። የቆመው ቧንቧ ላይ ቲ (ሦስት አፍ ያለው መጋጠሚያ) አድርግ፦ ጎኑ በጎሚቶ ወደ ታች ዞሮ ውሃ ውስጥ ይገባል፣ አናቱ በክዳን ይዘጋል፣ ክዳኑ ላይ 2 ሚሊ ቀዳዳ። ዱርሶ የሚሉት እሱ ነው። ጸጥ ካላለ ቀዳዳውን በግማሽ ሚሊ እያሰፋህ ሞክር፤ ከ4 ማለፍ ብዙም አይጠቅምም። መውረጃው 40 ይሁን፣ 32 ጠባብ ነው። ጫፉ ሳምፑ ውሃ ውስጥ 2 ሳንቲ ሜትር ብቻ ይጥለቅ፤ 10 ካጠለቅከው አየሩ መውጫ አጥቶ በየደቂቃው ያገሳል።

አንድ ነገር፣ ዱርሶ ስታደርግ «መውረጃው አፍ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ» የሚለው ልኬት የሚቆጠረው ከቲው የውስጥ ወለል ነው፣ ወደ ታች ከዞረው ጎሚቶ አፍ አይደለም። የአናቱ ቀዳዳ ከተደፈነ ግን መውረጃው ራሱ ሳይፈን ሆኖ እስከ ጎሚቶው አፍ ይስባል፤ እሱን አፍ ከዩ ቱቦ እግሮች 3 ሳንቲ ሜትር በላይ፣ ማለትም 5 ላይ አቁመው።

ውሃ_ልክ
ጥሩ ያዝክ፤ አልጠቀስኩትም ነበር።

ሲኤምሲ_ዓሣ
ሳጥኑን በ5 ሚሊ አክሪሊክ አሠራሁ፣ ልኬቱ እንዳላችሁት ነው። ሙከራ፦ ጀሪካኑ በ31 ሴኮንድ ሞላ። ፓምፑን አጥፍቼ ጠበቅሁ፣ ሳምፑ 26 ላይ ቆመ። መልሼ አበራሁ፣ ሳይፈኑ በራሱ ተነሳ፣ አሥር ጊዜ ደገምኩት። ከዚያ ቀጭኗን ቫልቭ ከፍቼ ሳይፈኑን በጠስኩት፤ ገንዳው ሞላና ከጠርዙ 4 ሚሊ ሜትር ሲቀረው ፓምፑ አየር ሳበ። 9 ሚሊ ይቀራል ብላችሁኝ ነበር። ወለሉ ደረቅ ነው፣ ይበቃል?

ውሃ_ልክ
5 ሚሊ ጠፍቶሃል፣ በገንዳው 2.7 ሊትር ማለት ነው። አንድም ጥርሱ 4 ሳንቲ ሜትር ላይ አይደለም፣ ወይም የፓምፑ ክፍል ውሃ ከ18 በላይ ነበር፤ 22 ከሆነ 2.8 ሊትር ይጨምራል፣ ቁጥሩ ልክ ይገጥማል። መከፋፈያው ጫፍ ድረስ ሞልተህ ነው የጀመርከው። መስመሩን 18 ላይ አስምርና እንደገና በጥሰው።

ጎሚቶ_32
ገንዳው ራሱ ያጋደለም እንደሆነ እይ፤ ከጠርዙ ያለውን ርቀት በአራቱም ጥግ ለካ። አንዱ ጥግ 4 ሌላው 9 ከሆነ ገንዳው ነው የተዘነበለው። ያኔ መለኪያህ ዝቅተኛው ጥግ ነው።